ስለ ልጆች መንጃ ፈቃድ ፊርማ
እዚህ ካሊፎርኒያ 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ መንጃ ፈቃድ ሲጠይቅ ወላጅ ወይም ሕጋዊ አሳዳጊ ይፈርምለታል። አብዛኞቻችን እንደ ትምህርት ቤት ወረቀት ጫር አድርገን እንሰጣለን። ነገሩ ግን ዋስትና ነው! ልጁ ሰው ቢገጭ ወይም የሰው ንብረት ቢያበላሽ፣ ሕጉ እስከወሰነው ገንዘብ ድረስ ፈራሚውም አብሮ ይጠየቃል።

ስለዚህ ሳትፈርሙ አስቡበት፤ ከፈረማችሁም በኋላ አጠገቡ ተቀምጣችሁ አነዳዱን እዩ። ሕጉ የ50 ሰዓት ልምምድ ይላል፤ ከዚህም 10ሩ በጨለማ የሚነዳ ነው። ሥራ በዝቶብን ነው እያልን ያልተነዳውን ተነድቷል ብለን መፈረም አይገባንም።

ደግሞ ልጁ አልሰማ ካለ፣ የፈረመው ሰው ለዲኤምቪ በጽሑፍ አመልክቶ ፈቃዱን ማሰረዝ ይችላል። ከተሰረዘ ወዲያ ለሚደርሰው አደጋ በፊርማው አይጠየቅም። ልጁ ቢያኮርፍ ያኩርፍ።