ከማዘዣ ወረቀቱ በፊት የሚደርስ ሰደቃ

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም



በጀማዓችን ውስጥ በየሴሚስተሩ አንዴ የማይቀር ነገር አለ። ከዒሻ ሶላት በኋላ አንድ ወንድም ይነሳና የአንዱ ተማሪ እናት ወይም አባት መታመማቸውን፣ የታዘዘላቸው መድኃኒት ውድ መሆኑን ይነግረናል። ኮፍያ ይዞራል። አልሐምዱሊላህ፣ ባዶውን የተመለሰበትን ቀን አላስታውስም። ባለፈው ዓመት ኮፍያው የዞረው ለእኔ እናት ነበር።

እናቴ የምትኖረው አርብ ገበያ ነው። የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት በየወሩ ትወስዳለች። እናንተ ያዋጣችሁት ብር ሦስት ወር አደረሳት፤ አላህ ይቀበላችሁ። አራተኛው ወር ሲመጣ ግን እንደገና ተነስቼ "አሁንም አላለቀም" ለማለት አፈርኩ። ግፊትና ስኳር በየወሩ የሚከፈልባቸው፣ ዕድሜ ልክ አብረው የሚኖሩ በሽታዎች ናቸው። ኮፍያ ለድንገተኛ ነገር እንጂ ለእንዲህ ዓይነቱ አይሆንም።

በዚያ ጊዜ የቤታችን የጤና መድህን ደብተር አልታደሰም ነበር። ምክንያቱ ሁለት ነው። የመክፈያው ወቅት ሲደርስ ቤት ውስጥ ብር አልነበረም። በዚያ ላይ አንድ የምናከብራቸው የሰፈራችን አባት "ኢንሹራንስ ሐራም ነው" ስላሉ ማንም ለማሳደሱ አልተጨነቀም። ከሁለቱ የትኛው እንደበለጠ እስካሁን አላውቅም። ብር ለሌለው ሰው ፈትዋው እረፍት ይሰጣል።

ስለዚህ መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንይ። ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን በአገራችን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር አንዷ የእኛው ዞን ፎገራ ነበረች። ደመወዝተኛ ላልሆነው ገበሬ፣ ነጋዴና ባለሙያ የተዘጋጀ ነው። አባል የሚሆነው ሰው በነጠላ ሳይሆን ቤተሰብ ነው። መዋጮው በዓመት አንዴ፣ አብዛኛውን ጊዜ አዝመራ ከገባ በኋላ ባሉት ወራት፣ በቀበሌ በኩል ይሰበሰብና በወረዳው ቋት ይገባል። መንግሥት ከላዩ ድጎማ ይጨምርበታል። ከዚያ በኋላ አባሉ ጤና ጣቢያ ሲሄድ ለካርድ፣ ለላቦራቶሪ፣ ለአልጋም ሆነ ለመድኃኒት ከኪሱ አይከፍልም፤ ተቋሙ ሒሳቡን ለወረዳው መድህን ያቀርባል። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስና ለውበት የሚደረግ ሕክምና አይሸፈንም። ከጤና ጣቢያ ሪፈር ሳይጻፍለት በቀጥታ ሆስፒታል የገባም ሙሉ ጥቅሙን አያገኝም።

ሐራም ነው ወይ ለሚለው፣ እኔ ኢንጂነሪንግ ተማሪ እንጂ ሙፍቲ አይደለሁም። መድረሳ የቀራሁትን ያህል ግን ልናገር። ዑለማዎች በንግድ ኢንሹራንስ ላይ ያነሱት ዋና ነገር ገረር ነው፤ ሰው ብሩን ከፍሎ ምን እንደሚያገኝ አያውቅም፣ ኩባንያውም ከዚያ ያተርፋል። በጂዳ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ በ1985 እ.ኤ.አ. (1406 ሒጅራ) በሰጠው ውሳኔ ቋሚ ክፍያ ያለውን የንግድ ኢንሹራንስ ሐራም ሲል፣ በልገሳና በመተጋገዝ ላይ የቆመውን የኅብረት ኢንሹራንስ ግን እንደ አማራጭ አቅርቧል። የወረዳችን ቋት የማን ትርፍ ነው? የማንም አይደለም። ጤነኛው ያዋጣል፣ የታመመው ይታከምበታል። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ አሽዐሪዮች ስንቃቸው ሲያልቅ ወይም መዲና ላይ የቤተሰባቸው ምግብ ሲያንስ ያላቸውን ሁሉ በአንድ ጨርቅ ሰብስበው እኩል ይካፈሉ እንደነበር፣ ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) ለዚህ እንዳወደሷቸው ተማርን። ለእኔ ቋቱ ወደዚያ ጨርቅ ይቀርባል። "ገንዘቡ ባንክ ሲቀመጥ ወለድ ይነካዋል" የሚል ካለ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን በወለድ አልባ መስኮት እንዲቀመጥ ወረዳውን መጠየቅ ነው። እናትን ያለ መድኃኒት ማስቀመጥ መልስ አይሆንም።

መክፈል ለማይችሉት ደግሞ ሌላ በር አለ፤ ብዙ ሰው የማያውቀው ይህን ነው። በአሠራሩ መሠረት የድሃ ድሃ የሆኑ ቤተሰቦች በቀበሌ ተለይተው ሳይከፍሉ አባል ይሆናሉ። በሙከራው ጊዜ በተቀመጠው ድርሻ ወጪያቸውን ክልሉ 70 በመቶ፣ ወረዳው 30 በመቶ ይሸፍኑላቸው ነበር። ታች ጋይንትና ስማዳ ሴፍቲኔት የገቡ ወረዳዎች ናቸው፤ እንዲህ ያለ ቤተሰብ አናጣም። ነገር ግን ኮታው ውስን ነው፣ ምርጫውም በስብሰባ ነው። አልጋ ላይ ያለች ባልቴት ስብሰባ አትሄድም። ስሟን የሚያነሳላት ሰው ካልተገኘ ደብተሩ ከእሷ ይልቅ አፍ ላለው ይደርሳል። የመስጊድ ጀማዓ ማን በየቤቱ እንደተኛ ከቀበሌው ሹም በተሻለ ያውቃል፤ ታዲያ ለምን ዝርዝሩን ይዞ አይቀርብም?

አሁን ወደ መራራው ክፍል ልምጣ። በዚህ ዓመት ደብተራችን ታድሷል። እናቴ ሄደች፣ ታየች፣ ማዘዣ ተጻፈላት። ከሁለቱ መድኃኒቶች አንዱ "የለም" ተባለ። ከግል መድኃኒት ቤት በብር ገዛች። ከፍላ ደግሞ ከፈለች ማለት ነው። አዲስ አበባ ያለ ሰው ቢያንስ ከግሉ ዋጋ ዝቅ የሚለው ከነማ መድኃኒት ቤት አለው፤ ለጋይንት ሰው ግን ሩቅ ነው።

መደርደሪያው ለምን ባዶ እንደሚሆን ለማወቅ ጠያይቄ ነበር። የመንግሥት ጤና ተቋማት አብዛኛውን መድኃኒት የሚገዙት ከኢትዮጵያ መድኃኒት አቅርቦት አገልግሎት ነው፤ አሠራሩም ተዘዋዋሪ ፈንድ ይባላል። ጤና ጣቢያው መድኃኒቱን ሸጦ በዚያው ብር መልሶ ይገዛል። ለእኛ ለኢንጂነሪንግ ተማሪዎች በዝግ ቱቦ የሚዞር ውኃ በሉት። አባሉ በብር ፈንታ ደብተር ሲያሳይ መድኃኒቱ ይወጣል፣ ብሩ ግን ወረዳው እስኪከፍል ይቆማል። ወረዳው ከዘገየ ፓምፑ ባዶ ይስባል። በዚያ ላይ የውጭ ምንዛሪ እጥረትና ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን ያለው ግጭት የሚዘጋው መንገድ ሲጨመር፣ ፋርማሲስቷ ላይ መጮህ ምንም አያመጣም። መጮህ ካለብን ወረዳው ለተቋማቱ በወቅቱ ስለመክፈሉ ነው፤ ይህን ደግሞ መዋጮ የከፈለ አባል በጠቅላላ ጉባኤ የመጠየቅ መብት አለው።

አንዳንድ ወንድሞች ይህን ሰምተው "ታዲያ መድኃኒት ከሌለ ደብተሩ ምን ያደርጋል?" ይሉኛል። ከሁለት መድኃኒት አንዱን አስገኝቷል እላቸዋለሁ። ምርመራውንም አስገኝቷል። እናቴ ነገ ሪፈር ተጽፎላት ደብረ ታቦር ብትሄድ የአልጋውንም ይሸፍንላታል። ግማሽ ነው፤ ግማሽ ግን ከኮፍያ ይሻላል።

እና ሐሳቤ ይህ ነው። ጀማዓችን በየጁሙዓው ከሚሰበስበው ሰደቃ ላይ የተወሰነ ክፍል ለይቶ፣ በዚህ የመክፈያ ወቅት ደብተር ማሳደስ ላቃታቸው የተማሪ ቤተሰቦች መዋጮ ያድርገው። የአንድ ቤተሰብ የዓመት መዋጮ ባለፈው ዓመት ለእናቴ ከተሰበሰበው ያንሳል፤ ዓመቱን ሙሉ ደግሞ ያገለግላል። ከዘካ ይቻላል ወይ የሚለውን ለኡስታዞቻችን እተወዋለሁ። ፉቀራና መሳኪን ከስምንቱ የዘካ ተቀባዮች ቀዳሚዎቹ መሆናቸው ግልጽ ነው፤ ብሩን በእጃቸው ሰጥቶ ራሳቸው እንዲከፍሉ ማድረግም ታምሊክን አጥብቀው ለሚይዙት ሐነፊዮች የሚከብድ አይመስለኝም። ኮፍያው አይቅር። ደብተሩ ለማይደርስበት፣ "የለም" ለተባለው መድኃኒት ይዙር።

እኛ ተማሪዎች በእጃችን ያለው ሌላው ነገር ስልክ ነው። ዛሬ ማታ ደውሉና ደብተሩ መቼ እንደሚያበቃ ጠይቁ። "የለም" ሲባል ማዘዣው ላይ እንዲጻፍና ማኅተም እንዲደረግበት፣ ከውጭ ሲገዛም ደረሰኝ እንዲያዝ ንገሯቸው፤ ያለ ወረቀት ገንዘባችን ይመለስ ብሎ መጠየቅ አይቻልም። አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ፣ ከ18 ዓመት በላይ የሆነ ልጅ በወላጆቹ ደብተር የሚገባው ተጨማሪ ሲከፈልለት ነው። ግቢ ውስጥ ክሊኒክ ስላለን ችግሩ አይታየን ይሆናል፤ ለክረምት ቤት ስንገባ ግን ይታያል።

ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የመጣችሁ ቤተሰባችሁ ያላሳደሰ ካለ ስሙን ሳይሆን ቀበሌውንና የቤተሰቡን ብዛት ብቻ ጽፋችሁ ለጀማዓው የሰደቃ ክፍል ስጡ። የእኔን ቀበሌ የመጀመሪያው መስመር ላይ ጽፌዋለሁ፤ በእኛ መንገድ ሦስት ቤት አሉ።