እግር ከመቆረጡ በፊት

ከሐዋሳ ወደ ዲላ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ቱላ በስም የከተማዋ ክፍለ ከተማ ትሁን እንጂ ብዙ ቀበሌዎቿ ገጠር ናቸው። እዚያ የሚኖር አርሶ አደር ሲራመድ ባቱን ቢይዘው፣ ቆም ሲል ቢተወው፣ ድካም ነው ብሎ ያልፈዋል። የእግሩ ደም ሥር መጥበቡ የሚታወቀው ጣቱ ከጠቆረ በኋላ ከሆነ ግን ለቀዶ ሐኪሙ የሚቀረው ምርጫ ብዙ ጊዜ መቁረጥ ነው። በሽታውን ቀድሞ ለመለየት ደግሞ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሕመምተኛው ጋደም ይልና የክንዱና የቁርጭምጭሚቱ ግፊት በተለመደው የደም ግፊት መለኪያና የደም ፍሰትን በምታሰማ፣ በእጅ በምትያዝ ዶፕለር ይለካል፤ የቁርጭምጭሚቱ ለክንዱ ተካፍሎ ከ0.9 በታች ከመጣ ደም ወደ እግር በአግባቡ እየወረደ አይደለም። የስኳር ሕሙማን ደም ሥር ስለሚደድር ልኬቱ አንዳንዴ ደህና መስሎ ያታልላል፤ ይህ ራሱ በእኛ ሕሙማን ላይ ሊጠና የሚገባው ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በዓለም ላይ ከ200 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በሽታው እንዳለባቸው፣ 70 በመቶ ያህሉም ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች እንደሚኖሩ ተገምቷል። የዓለም ግምት ግን በቱላ የማን እግር አደጋ ላይ እንዳለ አይነግረንም።

ይህን መለካት ያለበት በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ስፔሻሊቲውን ገና የጨረሰ ቀዶ ሐኪም ነው። የሚያስፈልገው ለዶፕለር፣ ለመረጃ ሰብሳቢዋ ነርስ አበልና ሕሙማኑን ከወራት በኋላ መልሶ ለማየት የሚበቃ መጠነኛ ገንዘብ፣ በሳምንትም ከተረኝነት ነፃ የሆነ አንድ ቀን ነው። ትልልቅ ለጋሾች በአመዛኙ የሚሰጡት የመጀመሪያ ውጤት ይዞ ለመጣ ተመራማሪ ነው፤ ያን ውጤት ለማግኘት ደግሞ ገንዘብ ያስፈልጋል። ወጣቱ ሐኪም ተይዞ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ የት እንደሚያደርስ አገራችን አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ፣ የደጋውን ዝሆኔ በባዶ እግር ከሚረገጥ ቀይ ሸክላ አፈር ጋር ያያያዘው ሕሙማንን እያየ፣ የአፈሩን ዓይነት ከበሽታው ሥርጭት ጋር እያስተያየ ነበር። ዛሬ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለውን ይህን በሽታ በጫማና በእግር ንጽሕና መከላከል እንደሚቻል እናውቃለን። ያኛው የሊምፍ ሥር በሽታ ነው፤ የምርምሩ ጠባይ ግን ያው ነው፤ መቁጠር፣ መለካት፣ ማስተያየት።

ጓንትና የቀዶ ሕክምና ክር በሚያጥርበት አገር ለምርምር ገንዘብ ማውጣት ቅንጦት ነው የሚል አለ። ቅሬታው የዋዛ አይደለም። ሆኖም ዘግይቶ የመጣ አንድ እግር ጓንቱንም፣ ክሩንም፣ ደሙንም፣ ለሳምንታት የሚያዘውንም አልጋ ይበላል፤ ስንት እንደዚህ ያሉ ሕሙማን እንደሚመጡ ያልቆጠረ ሆስፒታል ደግሞ የሚገዛውን ዕቃ በግምት ይገዛል። ሌላው ስጋት ወጣቱ ጥናቱን አሳትሞ፣ ማዕረጉን ይዞ ይሄዳል የሚለው ነው። ይህም ይሆናል። ድጋፉን መንፈግ ግን ማንንም አያስቀርም፤ እንዲያውም ለመሄድ አንድ ምክንያት ይጨምርለታል።

ስለዚህ ዩኒቨርሲቲውና የሲዳማ ክልል ጤና ቢሮ በጋራ አነስተኛ ፈንድ ያቋቁሙ። ገንዘቡ በውድድር ይሰጥ፤ ክፍያውም ሕሙማን በተመዘገቡ መጠን ይለቀቅ። መዝገቡ የሆስፒታሉ ንብረት ይሁንና ሐኪሙ ቢለቅ ተከታዩ ካቆመበት ይቀጥል። ለመጀመሪያው ዓመት በቱላ ጤና ተቋማት ክትትል ያላቸውን የስኳር ሕሙማን እግር መለካት በቂ ሥራ ነው።