አንጋፋዎቻችን አዲስ ሲሠሩ ጆሯችን የት ይሄዳል?

ለመሆኑ አንድ የሙዚቃ ሰው በዚህ አገር «አንጋፋ» የሚል ማዕረግ ከተሰጠው በኋላ አዲስ ሥራ መሥራት ክልክል ነው እንዴ? የሚከለክል አዋጅ የለም። ኤፍ ኤሞቻችንን ሲያዳምጥ የሚውል ሰው ግን አለ ብሎ ቢምል አይፈረድበትም። በዓል በመጣ ቁጥር «ወርቃማው ዘመን» እየተባለ ያው የምናውቀው አርባና ሃምሳ ዘፈን ይሽከረከራል። አቅራቢውም ስለ አንጋፋው ሲያወራ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ነበረ» እያለ፣ ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ይመስላል። ሰውዬው እኮ አልሞተም! ስቱዲዮ ገብቶ አዲስ አልበም እየሠራ ነው። የሰማ ግን የለም።

ኃይሉ መርጊያን እንውሰድ። (ከዚህ በታች የአልበም ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው፤ ሸክላዎቹ ላይ የተጻፈው እሱ ስለሆነ።) ኃይሉ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። ዋልያስ ሂልተን ሆቴል ሲጫወት፣ በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ስለነበረ የገባ እንግዳ እስኪነጋ መውጣት አይችልም፤ ባንዱም አብሮ ያነጋ ነበር። በ1977 «ቼ በለው» የሚለውን ሸክላ አወጡ። የግርማ በየነ ድርሰት የሆነው «ሙዚቃዊ ስልት» ያለው እዚያ ላይ ነው፤ ሙላቱ አስታጥቄም ቫይብራፎን ተጫውቶበታል። ዛሬ የመጀመሪያውን ኅትመት የሚያሳድዱ ፈረንጆች በሺዎች ዶላር ይገዙታል። እኛ ቤት ደግሞ ያ ሸክላ ስንቱ ቤት የድስት ማስቀመጫ ሆኖ እንዳለቀ እግዜር ይወቀው።

በ1981 ባንዱ ለሥራ ወደ አሜሪካ ተጓዘ። ከፊሉ ተመለሰ፤ ኃይሉ ዋሽንግተን ቀረ። በ1985 አኮርዲዮኑን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖውን፣ ሲንተሳይዘሩንና የከበሮ ማሽኑን ይዞ፣ ማንም ሳያጅበው ብቻውን አንድ ካሴት ቀረጸ። «ሸሞንሟናዬ» ያለበት ካሴት ነው። አገር ቤት ገባ፣ ተሸጠ፣ ተደመጠ። ከዚያ ካሴት የሚባለው ነገር ራሱ ሲጠፋ አብሮ ጠፋ። ኃይሉም ታክሲ ነጂ ሆነ። ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራው እስኪደርስ ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ እያወጣ ይለማመድ እንደነበር ሲያጫውት የአሜሪካ ጋዜጦች ጽፈውለታል።

ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ነው ያንን ካሴት አግኝቶ፣ ባለቤቱን አፈላልጎ፣ በ2013 እንደገና ያሳተመው። ካሴቱን የት ያገኘው ይመስላችኋል? ኒው ዮርክ? ፓሪስ? ባሕር ዳር ነው! ከእኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከእኛው ባለ ሱቅ እጅ። እኛ በፊቱ ስንመላለስ የኖርንበትን ዕቃ አንድ መንገደኛ ነው አቧራውን እፍ ያለለት።

ይህን ታሪክ ብዙ ሰው ሰምቶታል። የሚያስቆጨኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ምክንያቱም ሁላችንም «እንዴት ያለ ታሪክ ነው!» አልንና ወሬውን እንጂ ሙዚቃውን አልተከታተልንም። በ2018 ኃይሉ ዕድሜው ሰባን አልፎ «ላላ በሉ» የሚል ስድስት ሥራ የያዘ አዲስ አልበም አወጣ። አዲስ ነው፣ የድሮ ካሴት ግልባጭ አይደለም። «ትዝታ»ን እስካሁን ስንት ሰው እንደተጫወተው ቆጥረን አንዘልቀውም፤ እሱ ግን አኮርዲዮኑን ይዞ ቀስ ብሎ ይጀምርና፣ እንቅልፍ ሊወስዳችሁ ነው ስትሉ ድራሙና ቤዙ ይቀሰቅሱታል፤ ትዝታም ለካ መሮጥ ይችላል! «ጉም ጉም» አለ፤ «አንቺ ሆዬ ለኔ» አለ። በመጨረሻው «የፍቅር እንጉርጉሮ» ላይ ድራምም ቤዝም የለም፤ ሰውዬውና ፒያኖው ብቻ ናቸው። እኔ እንደ አንድ አድማጭ በእነዚህ አሥርና አሥራ አምስት ዓመታት ከወጡት የመሣሪያ ሥራዎቻችን ውስጥ የሚበልጠው አልገጠመኝም።

በ2020 ደግሞ «የኔ ምርጫ» ተከተለ። እውነቱን ለመናገር እንደ «ላላ በሉ» አልያዘኝም፤ አንዳንድ ቦታ ድራሙ ይበዛብኛል። ነገር ግን ምርጫውን እዩት! የአስናቀች ወርቁን «ባይኔ ላይ ይሄዳል» እና የቴዲ አፍሮን «ሸመንደፈር» ባንድ አልበም ውስጥ አቀራርቦ አስቀምጧቸዋል። ሽማግሌው ከአያት ዘመንም ከልጅ ዘመንም ይሰማል። እኛስ የእሱን ሰማን?

ነገሩ የኃይሉ ብቻ ቢሆን «ዕድሉ ነው» ብለን ባለፍን። ግርማ በየነ ለአሥርት ዓመታት ከመድረክ ርቆ ኖሮ በ2017 አካሌ ውቤ ከሚባለው የፈረንሳይ ባንድ ጋር አልበም አወጣ፤ የኢትዮፒክስ ተከታታይ 30ኛው ቁጥር ነው። ለሌሎች ድምፃውያን ስንት ዘፈን ያቀነባበረ ሰው፣ በራሱ ድምፅ ጥቂት ዘፈን ብቻ አስቀርቶ የጠፋ ሰው ተመልሶ ሲዘፍን አገር መነጋገር አልነበረበትም? ሙላቱም በመስከረም 2025፣ 81 ዓመቱ ላይ፣ የቀድሞ ድርሰቶቹን ለንደንና አዲስ አበባ ላይ እንደ አዲስ ቀርጾ አወጣ። ክራሩም፣ ማሲንቆውም፣ ዋሽንቱም፣ በገናውም ገብተውበታል። የአውሮፓ መጽሔቶች ገጽ ሰጡት፤ እኛ ጋ ግን ዜናው እንኳ ከአንድ ቀን አላለፈም።

«ውጭ ታትሞ በዶላር የሚሸጥ ነገር ከየት አምጥተን እንስማ?» የሚል አይጠፋም። ሸክላው በእርግጥ ከኪሳችን በላይ ነው። ሥራዎቹ ግን ኢንተርኔት ላይ አሉ፤ ልጆቻችን ሌሊቱን ሙሉ ከሚያዩት ዩቱብ ማዶ አይደሉም። ደግሞስ የሬዲዮ ጣቢያ ይህን ካላደረገ ሥራው ምንድን ነው? በእኛ ሬዲዮ የመሣሪያ ሙዚቃ ስም የለውም። ዜና እስኪጀምር መሙያ ነው፤ የስልክ እንግዳ መስመር ላይ እስኪገባ ማጀቢያ ነው፤ በላዩ ይወራበታል፤ መሀሉ ላይ ይቆረጣል። «ይህን ያቀረብንላችሁ የእገሌ ድርሰት ነው» የሚል ሰው የሰማችሁ እስቲ እጃችሁን አውጡ!

ሕጉማ አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጣ፤ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሻለ። የሰው ሥራ አሰራጭቶ ገቢ የሚያገኝ ለባለ ሥራው ሮያሊቲ ይክፈል ነው ነገሩ። ይህ በየጣቢያው በትክክል ቢሠራ ማን፣ ምን፣ ስንት ጊዜ እንደተለቀቀ መመዝገብ ግድ ይሆን ነበር። የሚመዘገብ ሥራ ደግሞ ስም ሊኖረው ነው። ለዚህ ነው የባለ ሥልጣኖቻችንን «ለኪነ ጥበብ ትኩረት ሰጥተናል» የሚል መግለጫ ስሰማ ሳቄ የሚመጣው። ትኩረቱ ቀርቶ ስም ብትጠሩልን በቂ ነበር!

በጥር 2017 ዓ.ም. መሐሙድ አሕመድ ሚሊኒየም አዳራሽ የስንብት ኮንሰርት ሲያቀርብ ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ደግ አደረገ፤ መሐሙድ ይገባዋል። ይሁንና ስንብትን እንዲህ የምናውቅበት ሰዎች ሥራን እንዴት አላወቅንበትም? ሽልማት፣ ካባ፣ የክብር ዶክትሬት፣ እንባ፤ ሁሉም የሚመጣው ሰውዬው «በቃኝ» ሲል ነው። «ገና ነኝ» ያለውንማ የሚያዳምጠው የለም።

እንግዲህ የፕሮግራም ኃላፊዎች፣ አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ስጡን። «ላላ በሉ»ን ክፈቱ። ስሙን ጥሩ፤ ኃይሉ መርጊያ በሉ፤ የወጣበትን ዓመት ተናገሩ። የመጀመሪያው «ትዝታ» አሥር ደቂቃ ገደማ ነው፤ እባካችሁ መሀል ላይ ማስታወቂያ አታስገቡበት።