ከበሮውን ማን ወሰደው?

ቦብ ማርሌ በ36 ዓመቱ ያረፈው ሜይ 11 ቀን 1981 ነው (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ከሞተ ከ18 ዓመት በኋላ፣ በ1999፣ ድምፁ የአውሮፓን የጭፈራ ቤቶች አጥለቀለቀ። ፈንክስታር ደ ሉክስ የተባለ የዴንማርክ ዲጄ «ሰን ኢዝ ሻይኒንግ» የተሰኘውን የቆየ ዘፈኑን ወስዶ ለዳንስ እንዲመች አድርጎ ሠራው። ዘፈኑ በእንግሊዝ ገበያ ሦስተኛ ደረጃ ያዘ፤ በአሜሪካ የዳንስ ሠንጠረዥ ደግሞ አንደኛ ወጣ። የባለቤቶቹ ስም ሲጻፍ «ቦብ ማርሌ ቨርሰስ ፈንክስታር ደ ሉክስ» ተባለ። የቦክስ ግጥሚያ ይመስል! ለመሆኑ፣ መልስ መስጠት ከማይችል ሰው ጋር የሚደረግ ግጥሚያ ምን ዓይነት ግጥሚያ ነው?

ነገር ግን፣ ውድ አንባብያን፣ «የቀደሙትን ዘፈን ማንም አይንካ» ብሎ መፎከርም አያዋጣም። ዘፈንን ፈትቶ እንደገና መሥራት የተወለደው እዚያው ጃማይካ ውስጥ ነውና። በ1960ዎቹ መጨረሻ ትልልቅ የድምፅ ማጉያ እየተከሉ ሰፈሩን የሚያስጨፍሩ የኪንግስተን ሰዎች የዘፋኙን ድምፅ አውጥተው ሙዚቃውን ለብቻው ማጫወት ጀመሩ። በ1970ዎቹ ኪንግ ተቢ የሚባለው የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ሥራውን ወደ ጥበብ ከፍ አደረገው። ዛሬ ዓለም «ደብ» የሚለው ሙዚቃ ከእርሱ እጅ የወጣ ነው።

ታዲያ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? ኪንግ ተቢ ያነሳው የዘፋኙን ድምፅ ነው፤ ከበሮውንና ቤዙን ግን አጉልቶ አስቀረ። ያም ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚታተመው በዚያው ሸክላ ጀርባ ላይ ነበር። ሰሚው ሸክላውን ቢገለብጥ ዋናውን ዘፈን እዚያው ያገኘዋል። የ1999ኙ ዲጄ የሠራው የዚህን ተቃራኒ ነው። ድምፁን አስቀርቶ ከሥሩ የመኪና ከበሮ አስገባ።

በማርሌ ባንድ ከበሮ የሚመታው ካርልተን ባሬት፣ ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ደግሞ ወንድሙ አስተን «ፋሚሊ ማን» ባሬት ነበር። ካርልተን የታወቀበት አመታት «ዋን ድሮፕ» ይባላል። ከአራቱ ምት የመጀመሪያው ባዶ ይተዋል፤ ከበሮው የሚያርፈው ሦስተኛው ላይ ነው። ያ ባዶ ቦታ ነው ሬጌን ሬጌ የሚያሰኘው። የዲስኮው መኪና ግን አራቱንም ምት እኩል ይደበድባል። እንዲህ ሲሆን የማርሌ ድምፅ እንደ እኛው ስደተኛ ሆነ ማለት ነው። ስሙ አለ፤ አብሮ ያደገው ሰው ግን ከጎኑ የለም።

ጃማይካ ራሷም ጻድቅ አልነበረችም። ሙዚቀኛው የዕለት ዋጋውን ተቀብሎ ይሄዳል፤ አሳታሚው ያንኑ ሙዚቃ ለሌላ ዘፋኝ ደጋግሞ ይሸጠዋል። ካርልተን በ1987 ኪንግስተን ውስጥ ተገደለ። አስተን የሙዚቃው ድርሻዬ ይከፈለኝ ብሎ ለንደን ፍርድ ቤት ቆመ። የጠየቀው 60 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። በ2006 ተፈረደበት፤ ምክንያቱም ቀደም ሲል በ1994 ገንዘብ ተቀብሎ ተስማምቶ ነበር። በ2024 አረፈ። ሕጉ የራሱን ብሏል። የሰሚው ኅሊና ግን የሚለው ሌላ ነገር ሊኖር ይገባል።

መልካም ምሳሌም አለ። ዶን ፔን በ1967 የዘፈነችው «ኖ፣ ኖ፣ ኖ» በ1990ዎቹ እንደ አዲስ ሲሠራ፣ ለብዙ ዓመታት ከሙዚቃ ርቃ የቆየችው ዘፋኝ ራሷ ተጠርታ ዘፈነችው። በእንግሊዝ ሦስተኛ ደረጃ ደረሰ። ማክበርና መጨፈር አብረው መሄድ ይችላሉ ማለት ነው።

«ይህ የጃማይካኖች ጣጣ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ያገባናል። ማርሌ በ1976 ያወጣው «ዋር» ቃሉ የተወሰደው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኦክቶበር 4 ቀን 1963 በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ካደረጉት ንግግር ነው። ደራሲ ተብለው የተመዘገቡት ግን አለን ኮልና ያው ከበሮ መቺው ካርልተን ባሬት ናቸው። በ2010 ደግሞ የማርሌ ልጅ ዴሚያን ከናስ ጋር «አዝ ዊ ኤንተር»ን ሲሠራ መሠረት ያደረገው የሙላቱ አስታጥቄን «የኔ ትዝታ» ሳይሆን «የግሌ ትዝታ»ን ነው። አንዳንዱ ሰው ስሙን እንኳ አስተካክሎ አይጠራውምና ልብ ይባልልኝ።

ፈረንጁን ከመውቀሳችን በፊት የራሳችንን ጓዳ እንይ። መሐሙድ አሕመድ በ1975 «ኧረ መላ መላ»ን ሲያወጣ ያጀበው አይቤክስ ባንድ ነበር። መሐሙድን የማያውቅ የለም። ቤዝ ጊታሩን የተጫወተው ጆቫኒ ሪኮ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? ዛሬ በየሠርጉና በየበዓሉ አንድ ኪቦርድ የባንዱን ሥራ ሁሉ ጠቅልሎ ይዞታል። ኪራይ ውድ ነው፣ መድረኩ ጠባብ ነው፣ እሺ። ግን የግጥሙ ደራሲ፣ የዜማው ደራሲ፣ የአቀናባሪው ስም ሳይነሳ «አዲስ ሥራ» ተብሎ በየኢንተርኔቱ ሲለቀቅ ምን እንበለው? «ያባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ» ካልሆነ በቀር ሌላ ስም የለውም።

ለወጣት ዲጄዎቻችን የምንለው አጭር ነው። ሥሩ፣ አስጨፍሩ፣ እኛም እንጨፍራለን። ስትሠሩ ግን ስማቸውን ጻፉ፤ በሕይወት ያሉትን ደውላችሁ አስፈቅዱ፤ ገንዘብ ከመጣ አካፍሉ፤ ዋናው ዘፈን የት እንደሚገኝ ለሰሚው ንገሩት። ለዚህ የሚያስፈልገው አራት መስመር ጽሑፍና አንድ የስልክ ጥሪ ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የሚውለው ግን የሚጠራው ሲኖር ነው።