«ኢት» ማን ነው?

በሀገራችን እንግሊዝኛ ሁለት ዓይነት ሳቅ ያስቃል። አንዱ ሰው ላይ የሚሳቅ ሳቅ ነው፤ ሌላው ጨዋታው ራሱ የሚያመጣው ሳቅ ነው። የመጀመሪያውን ሁላችንም በትምህርት ቤት ጠግበነዋል። አንድ ልጅ ከወንበሩ ተነሥቶ የቢላዋን እንግሊዝኛ ስም በፊደሉ ልክ «ክኒፌ» ብሎ ያነብባል፤ ክፍሉ ይስቃል፤ መምህሩም ፈገግ ይላል፤ ልጁ ይቀመጣል። ከዚያች ቀን በኋላ እጁን አያወጣም። ሁለተኛውን ሳቅ ግን ወደ ክፍል ሳናስገባው ከቡና ቤትና ከታክሲ ውስጥ ትተነዋል። እኔ እንደሚመስለኝ፣ እንግሊዝኛን ለብዙዎቻችን ያከበደው የሰዋስው ብዛት ብቻ አይደለም፤ ሳቁ ያለ ቦታው መዋሉም ነው። ሳቁን ከሰው ላይ አንሥተን በታሪክ ላይ ብናውለው ኖሮ ቃሉም ሰዋስዉም ይህን ያህል ባልራቀን ነበር።

«ክኒፌ» ያለውን ልጅ እስቲ በፍትሕ እንየው። እርሱ ያደገው የተጻፈ ፊደል ሁሉ በሚነገርበት ፊደል ነው። ሀ ሁ ሲቆጥር «ይህቺ ተጽፋ ዝም የምትል ናት» ብሎ ያስተማረው የኔታ የለም። በእንግሊዝኛው ቃል መነሻ ላይ የቆመችው «ኬ» ግን በጥንቱ እንግሊዝኛ ትነገር የነበረች፣ ዛሬ ሥራዋን ትታ ቦታዋን ያልለቀቀች ፊደል ናት። ጡረታ ከወጣች በኋላ ስሟ ከደመወዝ መዝገብ ላይ ያልተሰረዘ ሠራተኛ በሏት። ነገሩን በዚህ መልክ የሰማ ልጅ ይስቃል፤ የሚስቀው ግን በፊደሏ እንጂ በራሱ አይደለም። ነገ ደግሞ «ማወቅ» የሚለውንም ሆነ «ጉልበት» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ሲጽፍ ያችኑ ጡረተኛ ከበሩ ላይ ቆማ ያገኛታል፤ አይስታትም።

ባዕድ ቃል ለመልመድ ጅራፍ እንደማያስፈልግ ራሱ አራዳ ምስክር ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን ተጠግቶ ይውል የነበረውን ገበያ ጣሊያን ወደ መርካቶ አዛውሮ ሰፈሩን በራሱ ቋንቋ «ፒያሳ»፣ አደባባይ አለው። ወረራው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ቆይቶ አለፈ፤ ጎሚስታው፣ ካቻቪቴው፣ ፍሬኑና ማኪያቶው ግን ቀሩ። ለእነዚህ ቃላት ማንም ፈተና አልተቀመጠም። እጁ በግራሶ የጨቀየ የጋራዥ ልጅ በሥራና በቀልድ መካከል ለቃቅሞ አስቀራቸው፤ «ሹፌር»ንና «ጋራዥ»ንም ከፈረንሳይኛ እንዲሁ ወሰድናቸው። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሥራው ከፒያሳ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹን አፈረሰ፤ ቃሉ ግን ዛሬም «ፒያሳ! ፒያሳ!» እያለ በሚጣራው የታክሲ ረዳት አፍ ላይ ቆሟል። በኑሮና በጨዋታ የገባ ቃል ከድንጋይ ቤት የበለጠ ዕድሜ አለው።

«ቃልስ ይሁን፤ ሰዋስው በቀልድ ይገባል ወይ?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሱን ከአለቃ ገብረ ሐና እንዋስ። በሰፊው ከሚነገሩት ጨዋታዎቻቸው በአንዱ፣ አለቃ አህያ የምትነዳ አንዲት ሴት በመንገድ ያገኙና «እንደምን አደራችሁ?» ይሏታል። እርሷም እግዜር ይመስገን ብላ ታልፋለች። ጥቂት ከሄደች በኋላ ነው ነገሩ የሚከነክናት፤ ሰላምታው ለእርሷ ብቻ አልነበረም! የጨዋታው መርዝ ያለው «አችሁ» በምትል አንዲት የግስ ጭራ ውስጥ ነው። ባለቤትን የሚያሳይ የግስ ምዕላድ በሉት፣ የብዙ ቁጥር በሉት፣ ሴትዮዋ ያለ አስተማሪ በመንገድ ላይ ተረድታዋለች።

አሁን ይህንኑ ጨዋታ ወደ እንግሊዝኛ እንመልሰው። አይመለስም። እንግሊዝኛ ለአንተም፣ ለአንቺም፣ ለእርስዎም፣ ለእናንተም ያለው አንድ «ዩ» ብቻ ነው። «ሀው አር ዩ?» ብንላት ሴትዮዋ አህያዋን እየነዳች በሰላም ከቤቷ ትገባለች፤ አለቃም የለፉበት ዋጋ ይቀርባቸዋል። ተማሪው ቀልዱ በመንገድ ላይ ለምን እንደሞተ ቢጠየቅ፣ ተውላጠ ስሞችን በሠንጠረዥ ከሸመደደበት ቀን ይልቅ ዛሬ ያውቃቸዋል። ነገሩ በዚህም አያበቃም። ድሮ እንግሊዞች ለአንድ ሰው «ዛው» ይሉ ነበር፤ «ዩ» የብዙዎች መጥሪያ ነበረ። «ዛው» ከዕለት ንግግር ሲወጣ የብዙው ለአንዱም ሆነ፤ አንድን ሰው ስናናግር እንኳ «ዩ ኢዝ» ሳይሆን «ዩ አር» የምንለው ከዚህ የተነሣ ነው። እንግዲህ እንግሊዝኛ ብቻውን የሚሄደውን ሰው ሁሉ ከነአህያው ሰላም ይላል ማለት ነው። ይህን የሰማ ተማሪ «ዩ ኢዝ» ብሎ ይጽፋል ብዬ አልሰጋም።

ለዚሁ ጉዳይ ብዬ የፈጠርኩትን አንድ አጭር ታሪክ ደግሞ ላጫውታችሁ። ከራስ መኰንን ድልድይ አጠገብ ባለ መሥሪያ ቤት የሚሠራ አንድ ሰው ነበር። አለቃው እንግሊዛዊ ነው። ሰውየው አንድ ቀን አርፍዶ ገባ።

«ለምን ዘገየህ?» አለው አለቃው።

«ማይ ካር ሴድ አይ ዊል ኖት ስታርት» ሲል መለሰ፤ መኪናዬ አልነሣ አለችኝ ማለቱ ነው።

እንግሊዛዊው ብዕሩን አስቀመጠ። «መኪናህ ይህን በአፏ ተናገረች?»

«የስ ሰር። ዜን ኮልድ ሂት ሚ።» ከዚያም ብርድ መታኝ።

«ለፖሊስ አመለከትህ?»

«ኖ ሰር። ዜን ኢት ከት ሚ ማይ ስቶማክ።» ከዚያ ደግሞ ሆዴን ቆረጠኝ።

አለቃው ከወንበሩ ብድግ አለ። «የቆረጠህ ማን ነው? ይህ ‹ኢት› የምትለው ማን ነው?»

ሰውየው መልስ አጥቶ አቀረቀረ። ወሩ ሐምሌ ነበርና በዚህ መካከል ሰማዩ ተቀደደ። እንግሊዛዊው ወደ መስኮቱ ዞር ብሎ «ኢት ኢዝ ሬይኒንግ» አለ።

ሰውየው ቀና አለ። «ሰር፣ ‹ኢት› ማን ነው?»

አለቃው አሰበ፤ ደግሞ አሰበ፤ እርሱም መልስ አጣ። ከዚያ ሁለቱም ሳቁ።

በዚህች አጭር ጨዋታ ውስጥ ስንት የሰዋስው ትምህርት እንዳለ እንቁጠር። አንደኛ፣ አማርኛ «አለ» በሚለው ግስ የማይናገረውን ሁሉ ያናግራል፤ ዝም አለ፣ ቁጭ አለ፣ አልነሣ አለ። እንግሊዝኛው ግን «ዘ ካር ዉድንት ስታርት» ይላል። «ዉድንት» የተገኘው ከ«ዊል» ነው፤ የ«ዊል»ም ጥንታዊ ትርጉሙ መፈለግ፣ መፍቀድ ነበር። ስለዚህ የእንግሊዙም መኪና እንደኛዋ እንቢተኛ ናት፤ ልዩነቱ የእኛዋ እንቢታዋን በአንደበቷ መናገሯ ነው። ሁለተኛ፣ እኛን ብርዱ ይመታናል፤ እነርሱ ግን «አይ ኮት ኤ ኮልድ» ብለው ብርዱን ራሳቸው ይይዙታል። ባለቤቱ ተሳቢ፣ ተሳቢው ባለቤት ሆኖ ቦታ ሲለዋወጥ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከየት ይመጣል? ሦስተኛ፣ «ሆዴን ቆረጠኝ» ስንል ቆራጩ ማን እንደሆነ የሚጠይቀን የለም፤ ግሱ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል። በእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ግን የባለቤቱ ወንበር ባዶ አይተውም። እንደ እኔ በባንክ ለሚሠራ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው፤ ፊርማ የሌለበት ቼክ እንደማይከፈል ሁሉ ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገርም አያልፍም። እውነተኛ ባለቤት ሲጠፋ «ኢት» ተቀጥሮ ወንበሩን ይይዛል። ለዝናብ ይቀጠራል፤ ለሆድ ቁርጠት ግን አይቀጠርም፤ እንግሊዞች ሕመሙን እንደ ንብረት ይዘው «አይ ሃቭ ኤ ስቶማክ ኤክ» ይላሉና።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ በታሪኩ መጨረሻ ላይ ማንም አልተዋረደም። ሰውየው ብቻ ቢሳቅበት ኖሮ ጨዋታው ያው የምናውቀው የክፍል ውስጥ ሳቅ በሆነ ነበር። ጥያቄው ወደ እንግሊዝኛው በተመለሰ ጊዜ ግን ሁለቱ ቋንቋዎች እኩያ ሆነው ፊት ለፊት ቆሙ። ከእኩያ ጋር መማር ደግሞ ከጌታ ፊት ቆሞ ከመማር ይቀላል።

ይህ ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ዘዴ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው የግዕዝን ግስና አገባብ እያጠና ገና በጠዋቱ ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና ይቆጥራል፤ መምህሩ ያርሙለታል፤ እንዲህ እያለ እስከ መወድስና ከዚያም በላይ ይወጣል። ሕጉን ጨርሶ እስኪያውቅ ድረስ አፉን ዘግቶ አይጠብቅም። አንዱን ቃል ሰምም ወርቅም አድርጎ ሲያገላብጥ የሰዋስዉ ሥርዓት በእጁ ይገባለታል። ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣ ሕጉ ተከትሎት መጣ፤ ጨዋታው ግን ከቅኔ ቤት ቀረ። በ1908 እ.ኤ.አ. ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከተከፈተ ወዲህ በመጀመሪያ ፈረንሳይኛው፣ ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እንግሊዝኛው ዋና የውጭ ቋንቋችን ሆነ፤ በሁለቱም የተማርነው በአብዛኛው ደንብ በመሸምደድ ነው።

መማሪያ የሚሆነን ሣቂታ ጽሑፍ ደግሞ አላጣንም። ለንደን ተምሮ የተመለሰው ጸሐፌ ተውኔት መንግሥቱ ለማ «ያላቻ ጋብቻ» የተሰኘውን ኮሜዲውን በአማርኛ ጽፎ ራሱ ወደ እንግሊዝኛ መልሶታል። አንድ ደራሲ አንዱን ሳቅ በሁለት ቋንቋ ሲስቀው ጎን ለጎን ማንበብ ለተማሪ ምን ያህል ሀብት ነው! ሐማ ቱማም በ1993 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ባሳተመው «የሶሻሊስቱ ጠንቋይ ጉዳይ» የደርግን ዘመን ችሎት እያዋዛ አሳይቶናል። የእኛ ልጅ የሎንዶን ጭጋግና የክሪኬት ጨዋታ ቀልድ ባያስቀው አይፈረድበትም። የቀበሌና የችሎት ቀልድ ግን ያለ አስተርጓሚ ይገባዋል፤ የሚቀረው ቋንቋው ብቻ ይሆናል።

ጉዳዩ የመዝናናት ጉዳይ አይደለም። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ሒሳቡም ፊዚክሱም የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲገለጽ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም በቋንቋ ላይ ልጭን አልፈልግም። ነገር ግን ያልገባውን «አልገባኝም» ለማለት የሚያፍር ተማሪ በየትኛው ትምህርት ሊበረታ ይችላል?

ኋላም በሥራ ዓለም ያው ዕፍረት ይከተለዋል። በእንግሊዝኛ የተጻፈ የብድር ውል ላይ ሁለት ትንንሽ ቃላት አሉ፤ «ሻል» እና «ሜይ»። «ሻል» ግዴታ ነው፤ «ሜይ» ፈቃድ ነው። ተበዳሪው ይከፍላል ሲል «ሻል»፣ አበዳሪው ወለዱን ሊያሻሽል ይችላል ሲል «ሜይ»። በጨዋታ ስናሳጥረው «ሻል የእርስዎ፣ ሜይ የባንኩ» ማለት ነው። ይህን ሰምቶ የሳቀ ነጋዴ ወዲያው ቀጥሎ «እስቲ ሜዩ ያለበትን አንቀጽ አሳየኝ» ይላል። በልጅነቱ የተሳቀበት ሰው ግን የማያነብበው ውል ላይ ሳይጠይቅ ይፈርማል፤ ቤቱን በመያዣነት የሚያስይዘው በእነዚህ ሁለት ቃላት መካከል ነው።

«ቀልድ ቁም ነገር ያስረሳል» የሚሉ መምህራን እንዳሉ አውቃለሁ፤ ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም። «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን» የሚለውን ያለ ድግግሞሽ በሳቅ ብቻ ያጠና ሰው የለም። ሳቅ በር ይከፍታል እንጂ ቤት አይሠራም። ይሁንና በሩ ተዘግቶ ሳለ ድንጋይና እንጨት ብናከማች ማን ገብቶ ይሠራዋል? እኔ የምጠይቀው ጥቂት ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ ዐሥር ደቂቃ። ተማሪው ከቤቱ የሰማውን አንድ ጨዋታ ይዞ ይምጣ፤ በእንግሊዝኛ ይንገረው፤ ቀልዱ የት ላይ እንደሞተ ክፍሉ አብሮ ይፈልግ። የሞተበት ቦታ የዚያ ቀን የሰዋስው ትምህርት ይሁን። ሕጉም አንድ ብቻ ነው፤ በቃሉ መሳቅ ይፈቀዳል፣ በተናጋሪው መሳቅ አይፈቀድም።

እነሆ ለመደምደሚያ አራት ስንኝ፤

ሳቅ ሰው ላይ ሲወድቅ ዝምታ ይወልዳል፣
ሳቅ ቃል ላይ ሲወድቅ ምሥጢር ይገለጣል፤
ማንም እጁን ያንሣ፣ ይጠይቅ ሳይፈራ፣
ቃሉን ይሳቅበት፣ ከቃሉ ጋር ይሥራ።