ታፔላው የተሠራበት ቀንና የተጣለበት ቀን

በአሮጌ የብረት ታፔላ ላይ ካለው ነገር ሁሉ ለማመን የሚያስቸግረው የተጻፈበት ዓመት ነው። አሜሪካ ውስጥ ብረት መፈለጊያ መሣሪያ ይዘው የእርሻ ዳርና የፈረሰ ሰፈር የሚያስሱ ሰዎች ከአፈር ያወጡትን የማስታወቂያ ሰሌዳ ጭቃውን ጠርገው መጀመሪያ የሚፈልጉት አራት አሃዝ ነው። «ከ1886 ጀምሮ» የሚል ካነበቡ ልባቸው ይመታል። ያ ግን ኩባንያው ሥራ የጀመረበት ዘመን ነው፤ ሰሌዳው ከዚያ 70 ዓመት ቆይቶ ተሠርቶ ሊሆን ይችላል። የፓተንት ቀንም ከዚህ አይሻልም፤ ፋብሪካዎች ፓተንቱ ከወጣ ከብዙ ዓመት በኋላም ቀኑን ማተም አይተዉም ነበር። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የእነዚህን ሰሌዳዎች ዕድሜ ለማወቅ የሚደረገው ጥረት ግማሽ መንገድ ላይ እንደቆመ አምናለሁ። አንድ ታፔላ ሁለት ቀን አለው፦ ከፋብሪካ የወጣበትና ከግድግዳ ወርዶ አፈር የገባበት። የሰብሳቢዎች ገበያ ገንዘብ የሚከፍለው ለመጀመሪያው ብቻ ነው። ሁለተኛውን ሊያውቅ የሚችለው ጉድጓዱ አፋፍ ላይ የቆመው ሰው ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ በገዛ አካፋው ያጠፋዋል።

ከመጀመሪያው ቀን ልጀምር። እዚህ ላይ የሚረዳው ሰሌዳው ጮክ ብሎ ከሚናገረው ይልቅ ሳያስበው የሚያመልጠው ነገር ነው። ነጋዴው ደንበኛ ለመጥራት ሲል ስለ ዕቃው ሊያጋንን ይችላል፤ በአድራሻው ላይ ግን የሚያጋንንበት ምክንያት የለውም። የአሜሪካ ፖስታ ቤት በትልልቅ ከተሞች ስም ጎን የቀጠና ቁጥር ማስገባት የጀመረው በ1943 ነው፤ አምስት አሃዝ ያለው ዚፕ ኮድ የመጣው ደግሞ በ1963። ስለዚህ ከከተማው ስም ቀጥሎ «8» ብቻ የተጻፈበት የዳቦ ቤት ሰሌዳ በሃያ ዓመት ውስጥ ተከተተ ማለት ነው። ስልክም እንዲሁ ይናገራል። የአካባቢ ኮድ የወጣው በ1947 ነው፤ በፊደል የሚጀምሩ ቁጥሮች ከ1950ዎቹ መጨረሻ አንስቶ በአሃዝ ብቻ ለሚጻፉት ቦታ እየለቀቁ ሄዱ።

ከሁሉ የበለጠ ግን የነዳጅ ኩባንያዎች ስም ያግዛል። ስታንዳርድ ኦይል በ1911 በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወደ 34 ኩባንያዎች ሲበተን የኒውዮርኩ ቅርንጫፍ ሶኮኒ ተብሎ ብቻውን ቆመ። በ1931 ከቫኪዩም ኦይል ጋር ተዋህዶ ሶኮኒ ቫኪዩም ሆነ፤ በ1955 ሶኮኒ ሞቢል፣ በ1966 ሞቢል። አርማው የሆነው ክንፍ ያለው ቀዩ ፈረስ አብሮ ቢዘልቅም ከሥሩ በደቃቅ ፊደል የሚጻፈው የኩባንያው ሕጋዊ ስም እየተለዋወጠ ስለሄደ፣ ፈረሱን ትቶ ያቺን አንዲት መስመር የሚያነብ ሰው ይጠቀማል። ቴክሳኮም እስከ 1959 ድረስ በሕጋዊ ስሙ «የቴክሳስ ኩባንያ» ነበር።

ዋጋ ጥሩ ምስክር ይመስላል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። አንድ ጠርሙስ ኮካ ኮላ ለሰባ ዓመት ያህል፣ እስከ 1950ዎቹ መጨረሻ፣ በአምስት ሳንቲም ሲሸጥ ኖሯል። «5 ሳንቲም» የሚል የኮካ ኮላ ሰሌዳ አግኝቶ የአያቶቹ ዘመን ነው ብሎ የሚምል ሰው ይህን ረስቷል። በዚያ ፈንታ «ኮክ» የሚለውን አጭር ስም ይፈልግ፤ ኩባንያው በማስታወቂያው ላይ ያወጣው በ1941 ነውና ያ ቃል ያለበት ሰሌዳ ከዚያ ሊቀድም አይችልም። በሁለት ጫፉ እንደ ዓሣ ጭራ የተቆረጠው ቀይ ምልክት ደግሞ በ1958 መጣ፣ ብዙም አልቆየም።

በታችኛው ጠርዝ ላይ እውነተኛ ቀን የሚያትሙም አሉ። የቴክሳኮ የነዳጅ መቅጃ ሰሌዳዎች ወር፣ ቀንና ዓመት በደቃቅ አሃዝ ይዘው ይገኛሉ። ሰብሳቢዎች ይህን ስለሚያውቁ አስመሳዮችም ያውቁታል፤ ሰሌዳውን ሲቀዱ ቀኑንም አብረው ይቀዳሉ። ሆን ብለው አፈር ውስጥ ቀብረው ዝገት የሚያበቅሉበትም አይጠፉም። ገበያው ለተሠራበት ቀን ብቻ ሲከፍል የሚያተርፈው ይህንን ነው።

ወደ ማቴሪያሉ ስንገባ ነገሩ ይጠነክራል። ምርጦቹ ሰሌዳዎች ኢናሜል ናቸው፤ ኢናሜል ደግሞ ብረት ላይ ቀልጦ የተጣበቀ ብርጭቆ ነው። ዳሩ ሰማያዊ የሆነው፣ ሲወድቅ የሚላጠውና ጥቁር ጠባሳ የሚያወጣው የየቤታችን ነጭ ኩባያ የዚሁ ዘመድ ነው። የተፈጨ ብርጭቆ ላሜራው ላይ ይደረግና 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠጋ እቶን ውስጥ ይገባል። ከብረቱ ጋር የሚያያይዘው የመጀመሪያው ቅብ ብዙውን ጊዜ ኮባልት ያለበት ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ከእሱ በላይ እያንዳንዱ ቀለም ለብቻው ተቀብቶ ለብቻው ይተኮሳል። ሥራው ቀድሞ የደራው በእንግሊዝ ነበር፤ በርሚንግሃም ሴሊ ኦክ ውስጥ በ1889 የተቋቋመው የፓተንት ኢናሜል ኩባንያ ከታወቁት አንዱ ነው። በአሜሪካ ደግሞ ኢንግራም ሪቻርድሰን በ1901 በፔንሲልቬኒያዋ ቢቨር ፎልስ ሥራ ጀመረ። በድሮው አሠራር ፊደሎቹ በስቴንስል ስለሚወጡ ቀለም በቀለም ላይ ሲደረብ እርከን ይሠራል፤ ዓይንን ጨፍኖ በጣት ቢዳብሱት የፊደሉ ጠርዝ ይታወቃል። በ1930ዎቹ ሲልክ ስክሪን የሚባለው በጨርቅ ወንፊት የማተም ዘዴ ሲስፋፋ ቅቡ ሳሳ፣ ሥዕሉም ረቀቀ።

ብርጭቆ አይደበዝዝም፣ አይበሰብስም። ዝገት የሚገባው በተላጠበት፣ በቡሎን ቀዳዳና በጥይት ምት በኩል ነው (የገጠር ጎረምሶች ተኩስ የሚለማመዱት በእነዚህ ሰሌዳዎች ላይ ነበር፤ ጥይት ያላገኘው ብርቅ ነው ይባላል)። በኦሃዮዋ ኮሾክተን ይመረቱ የነበሩት በስስ ቆርቆሮ ላይ የታተሙ ውብ ሰሌዳዎች ግን ጥቂት ዓመት አፈር ውስጥ ከቆዩ ቡናማ ብናኝ ናቸው። አፈሩ ራሱ እየመረጠ ያስቀራል። በ1920ዎቹ አጋማሽ ተጀምረው እስከ 1963 በአሜሪካ መንገዶች ዳር የተደረደሩት የበርማ ሼቭ የመላጫ ክሬም ሰሌዳዎች በአገሩ ከታወቁት ማስታወቂያዎች መካከል ናቸው፤ ነገር ግን እንጨት ስለሆኑ መሣሪያው ቢበዛ የሚያገኘው ሚስማራቸውን ነው። በብረት መፈለጊያ የሚታይ ያለፈ ዘመን ከእውነተኛው ይልቅ ብረት የበዛበት ነው።

መሣሪያው ሌላም አመል አለው። ብዙ ሰው የሚፈልገው ብርና ወርቅ ስለሆነ ማሽኑን ብረት እንዲንቅ አድርጎ ያስተካክለዋል። ሚስማርን በዚህ ይገላገላል፤ ሰሌዳንም አብሮ ያጣል። ጉዱ ደግሞ ሰፊ ላሜራ ማሽኑን ግራ ስለሚያጋባው አንዳንዴ እንደ ብር ሳንቲም ጥርት ያለ ድምፅ ያሰማል፤ ስለዚህ አንዳንዱ ሰሌዳ የሚወጣው ብር በሚፈልጉ ሰዎች እጅ ነው። የቆየበት ሰው ማሽኑን ከመሬት ከፍ አድርጎ ይሞክረዋል፤ ጉልበት ደረጃ ደርሶም ድምፁ ካልደከመ ከሥር ያለው ትልቅ ነገር ነው።

እንግዲህ ሁለተኛው ቀን። እነዚህ ሰሌዳዎች ዛሬ ብርቅ የሆኑት ጥቂት ስለተሠሩ አይደለም። በ1942 አሜሪካ ለጦርነቱ ብረት ሲያጥራት ሕዝቡ ውዳቂ ብረት እንዲያዋጣ ተጠራ። ኦማሃ ወርልድ ሄራልድ የተባለው ጋዜጣ በነብራስካ ያካሄደው ዘመቻ ለመላ አገሪቱ አርአያ ሆኖ በቀጣዩ ዓመት የፑሊትዘር ሽልማት አስገኝቶለታል። የአጥር ብረት፣ ምድጃ፣ የድሮ መድፍ ሳይቀር ወደ ማቅለጫ ሄደ፤ ታፔላውም አብሮ። የተረፈው በአብዛኛው ወይ ተሰቅሎ የቆየ ነው፣ ወይ ማንም የማያስታውሰው ቦታ የወደቀ ነው።

የወደቀውም ዝም ብሎ አልወደቀም። የመርካቶን ምናለሽ ተራ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም፤ ማስታወቂያነቱ ያበቃ ሰሌዳ አሁንም ጥሩ ላሜራ ነው። የአሜሪካ ገበሬ ለዶሮ ቤት ጣሪያ፣ ለጎተራ ቀዳዳ መድፈኛ፣ ለጉድጓድ ክዳን ተጠቅሞበታል። ይህ ታሪክ ብረቱ ላይ ተጽፏል። ፋብሪካው ቀዳዳውን የሚበሳው ከመቅባቱ በፊት ስለሆነ ብርጭቆው እስከ ቀዳዳው ከንፈር ይደርሳል፤ ገበሬው በኋላ የመታው ሚስማር ግን ብርጭቆውን ሰባብሮ ያልፋል። በፋብሪካው አራት ቀዳዳዎች መካከል ስድስት የተሰባበሩ ቀዳዳዎችና የሬንጅ ርዝራዥ ካለ ሰሌዳው ጣሪያ ሆኖ ኖሯል። ሰብሳቢው ይህን ጉዳት ብሎ ዋጋ ይቀንስበታል። እኔ ግን ከፊት ለፊቱ ሥዕል ይልቅ ይህን ማንበብ እመርጣለሁ፤ ሥዕሉ በሺህ ሰሌዳ ላይ ያለው ነው፣ ሚስማሮቹ ያንዱ ብቻ ናቸው።

የተጣለበትን ዘመን የሚነግሩት ጎረቤቶቹ ናቸው። ከአንድ ገበሬ ጎተራ ጀርባ ካለ የቆሻሻ ጉድጓድ «ፋየር ቺፍ» የተባለው የቴክሳኮ ቤንዚን ሰሌዳ ወጣ እንበል። ቤንዚኑ ለገበያ የቀረበው በ1932 ነው፤ ሰሌዳውን ብቻ ያየ ሰው «የ1930ዎቹ» ብሎ ይሄዳል። ከሰሌዳው ሥር ግን የአልኮል ጠርሙስ ተኝቷል፤ ጠርሙሱን ዳግም መሸጥም ሆነ መጠቀም የፌዴራል ሕግ እንደሚከለክል በመስታወቱ ላይ ተቀርጿል። ይህ ጽሑፍ ከ1935 እስከ 1964 ግዴታ ነበር። ከጠርሙሱ ጎን ጀርባዋ ላይ የሊንከን መታሰቢያ ሕንፃ ያለባት አንድ ሳንቲም አለች፤ ያ ምስል የወጣው በ1959 ነው። ሁለቱም ከሰሌዳው በታች ስለሆኑ ቀድመውት ወድቀዋል። ስለዚህ ሰሌዳው ከ1959 በፊት አልተጣለም፤ በ1930ዎቹ ተሠርቶ ከሆነ ቢያንስ ሃያ ዓመት ያህል የሆነ ቦታ አገልግሏል። በ1956 የጸደቀው ሕግ ያሠራቸው ሰፋፊ አውራ ጎዳናዎች ትንንሽ ከተሞችን ወደ ጎን ትተው ማለፍ የጀመሩትም በእነዚያው ዓመታት ስለነበር፣ ሰሌዳው ተሰቅሎበት የነበረው ማደያ ለምን እንደተዘጋ የሚጠየቅ ጥያቄ ተገኘ። ሳንቲሟ ከሰሌዳው በላይ ብትሆን ኖሮ ግን ይህ ሁሉ ይፈርሳል፤ ከሰሌዳው ኋላ የወደቀች ነገር ስለ እሱ መጣል የምትለው ጥቂት ነው። ከላይ ወይስ ከሥር የሚለውን ሳያይ ሁሉንም ባንድ ባልዲ የጨመረ ሰው በኋላ በምንም መልኩ ሊመልሰው አይችልም።

የጦርነቱን ዘመን በአንድ ዓመት የምትለየው ሳንቲም ደግሞ መዳብ ለጥይት ስለተፈለገ ከብረት የተመታችው የ1943ቷ ናት። ብረት እንዲንቅ የተስተካከለ ማሽን እሷንም ከሚስማሩ ጋር ይንቃታል።

የቀን ነገር ከሕግም ጋር ይያያዛል። በ1979 የወጣው የአሜሪካ የአርኪዮሎጂ ሀብት ጥበቃ ሕግ በፌዴራል መሬት ላይ ቢያንስ 100 ዓመት የሆናቸውን የሰው ልጅ ቅርሶች ያለ ፈቃድ ቆፍሮ መውሰድን ይከለክላል። መስመሩ በየዓመቱ አንድ ዓመት ወደፊት ይራመዳል፤ ሕጉ ሲወጣ ሃምሳና ስልሳ ዓመት ብቻ የነበራቸው የ1920ዎቹ ሰሌዳዎች ዛሬ ተራ በተራ እየገቡበት ነው። በእንግሊዝና በዌልስ በ1996 የወጣው ሕግ ደግሞ በዋናነት የሚያተኩረው ከ300 ዓመት በላይ በቆዩ የወርቅና የብር ዕቃዎች ላይ ስለሆነ የኢናሜል ሰሌዳ ከሥሩ ሾልኮ ያልፋል። አሜሪካ ውስጥ ያለው ቆፋሪ ግን ችግር አለበት፤ የሰሌዳው ዕድሜ የሚታወቀው ከወጣ በኋላ ነው፣ ሕጉ የሚጠይቀው ከመቆፈሩ በፊት። ከግል ባለርስት ፈቃድ ተቀብሎ መሥራት ከዚህ ጣጣ ያወጣል፤ ባለርስቱም ማደያው የት እንደነበረና ማን ሲሠራበት እንደኖረ ማወቁ አይቀርም። ይህን ጠይቆ መጻፍ ያለበት አካፋው መሬት ሳይነካ ነው።