ሕጉ ያነሣላትን ሸክም ማን መልሶ ጫነባት?

እ.ኤ.አ. በ1992 የታወጀው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ቁጥር 2181 ላይ ብዙ ሰው ሳያያት የሚያልፋት አንዲት ሐረግ አለች። ክፍሉ ምእመናን በእሑድና በታዘዙ በዓላት ቅዳሴ የመካፈል ግዴታ እንዳለባቸው ይናገራል። ከዚያ ከግዴታው ነጻ የሚያወጣ ከባድ ምክንያት ሊኖር እንደሚችል ይገልጽና ሁለት ምሳሌ ይሰጣል፤ አንዱ ሕመም፣ ሌላው ሕፃናትን መንከባከብ ነው። ሌላ ምሳሌ የለም። ንግድ አልተጠቀሰም፣ ጉዞም አልተጠቀሰም። ከታመመ ሰው ቀጥሎ የታወሰችው ሕፃን የታቀፈችው ናት።

እሑድ ጠዋት በየቁምስናው በር ላይ የሚታየው ግን ሌላ ነው። አንዲት እናት ትንሿን አዝላ፣ ትልቁን በእጇ ይዛ ከኋላ በኩል ትቆማለች። ልጁ ባለቀሰ ቁጥር ትወጣለች፣ ዝም ሲል ትመለሳለች፣ ወንጌሉ ሲነበብ ግቢው ውስጥ ናት። ሁለት እሑድ ከቀረች ደግሞ መቅረቷን እንደ ኃጢአት ይዛ ኑዛዜ ትገባለች። ቤተ ክርስቲያኗ በጽሑፍ የማረቻትን እሷ ራሷን ትከሳለች።

ስለ ካቶሊክ እናቶች ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚሰማው «እምነታቸውንና ኑሯቸውን እንዴት ያመጣጥኑት?» የሚለው ጥያቄ ነው። ጥያቄው ደግ ይመስላል፤ ግን ሚዛኑን ከነሸክሙ ለአንድ ሰው ያስይዛል። ሕጉ ከሚታሰበው በላይ ለእናት የራራ ነው። እናትን ያጎበጣት በሕጉና በእሷ መካከል የገባው ነገር ነው፦ ልማድ፣ የቅዳሴ ሰዓት፣ የመንገዱ ርቀት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የቤቱን ሃይማኖት በሙሉ ለሚስቱ አስረክቦ እጁን ያጣጠፈ ባል።

እዚህ አገር ነገሩን የሚያከብደው ቁጥርም ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ካቶሊኮች ከአገሪቱ ሕዝብ 0.7 በመቶ፣ ማለትም ግማሽ ሚሊዮን ያህል ነበሩ። ዓሊቴና ወይም እምድብር ላይ የምትኖር እናት ጎረቤቷም ዘመዷም የእምነቷ ሰው ነው፤ ልጆቿን ጸሎት የሚያስተምር አክስት አይጠፋም። አዲስ አበባ ላይ ግን ካቶሊክ ማለት ለብዙው ሰው ትምህርት ቤት ማለት ነው። (ልጁን ካቶሊክ ትምህርት ቤት ለማስገባት የሚሯሯጠው ወላጅ አብዛኛው ካቶሊክ አለመሆኑ ራሱን የቻለ ሌላ ወሬ ነው።) ከመሀል ከተማ ተነሥታ ቱሉ ዲምቱ ወይም የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የገባች እናት በብሎኩ ውስጥ ብቸኛዋ ካቶሊክ ልትሆን ትችላለች። የለመደችው ቁምስና ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ታክሲ ይርቃታል። ከሁለት ልጅ ጋር ደርሶ መልስ ስንት ብር እንደሚሆን፣ ግማሽ ቀን እንደሚበላ፣ ሰኞ የሚለበሰው ዩኒፎርም ገና እንዳልታጠበ ማሰብ ነው።

በዚህ ላይ ቅይጥ ትዳር አለ። በቁጥር ትንሽ የሆነ ማኅበረሰብ ከራሱ ውስጥ ብቻ ሊጋባ አይችልም፤ ስለዚህ የካቶሊክ ሴት ልጅ ኦርቶዶክስ ወይም ፕሮቴስታንት ማግባቷ እንግዳ ነገር አይደለም። በካቶሊክ ቀኖና መሠረት እንዲህ ባለ ጋብቻ ካቶሊኩ ወገን እምነቱን እንደሚጠብቅ፣ ልጆቹም በካቶሊክ እምነት ተጠምቀው እንዲያድጉ የሚችለውን ሁሉ እንደሚያደርግ ቃል ይገባል። ቀድሞ ሌላው ወገንም ቃል ይገባ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1970 ጳውሎስ 6ኛ ደንቡን አሻሻሉትና አሁን የሚጠበቀው ካቶሊኩ ቃል መግባቱን ሌላው እንዲያውቅ ብቻ ነው። ማሻሻያው የሌላውን ሰው ሕሊና ያከበረ ነው፤ በዚህ አይታማም። በአገራችን ልማድ ግን ሚስት «ባሏን ተከትላ» ትሄዳለች ተብሎ ይጠበቃል። ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም በተክሊልና በቁርባን የምትድረው የራሷን ልጆች ነው። እንግዲህ ቃሉን የገባችው አንዲት ሴት፣ በአማቷ ቤት፣ በባሏ ዘመዶች መሀል፣ ልጁ አርባ ቀን ሊሞላው ሲል ብቻዋን ትቀራለች። ክርስትናው የት ይነሣ? ክርስትና አባቱ ማን ይሁን? «የሚችለውን ሁሉ» የሚለው ቃል እዚያ ቤት ውስጥ እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ የሚነግራት የለም። ከቻለች ታስጠምቃለች። ካልቻለች እሱንም ኑዛዜ ላይ ይዛው ትመጣለች።

ሃይማኖት በሴቶች ጽናት እንደሚቆም ይህች አገር ከካቶሊክም ተቃራኒ ወገን ታውቀዋለች። ዐፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ሲቀበሉ አጥብቀው እምቢ ካሉት መካከል የመኳንንት ሚስቶችና እመቤቶች ነበሩ፤ ወለተ ጴጥሮስ የንጉሡ የጦር አዛዥ የነበረውን ባሏን ትታ ወጥታለች። ከአሥር ዓመት ያህል በኋላ እ.ኤ.አ. በ1632 ነገሩ ተቀለበሰ። ዛሬ በአማቷ ቤት ሆና መቁጠሪያዋን ከትራስ ሥር የምታስቀምጥ የካቶሊክ ሚስት በእምነቷ በዚያ በኩል ብትሆንም፣ በእልኋ ግን ከወለተ ጴጥሮስ ብዙም አትርቅም።

ጾሙም አለ። በላቲኑ ቀኖና ጾም በግዴታ የታዘዘው በዓመት ሁለት ቀን ነው፤ የዐመድ ረቡዕና ስቅለት። ዕድሜውም ከ18 እስከ 59 ነው። ባሏ ኦርቶዶክስ ከሆነ ደግሞ ሁዳዴ 55 ቀን፣ ከዚያ ረቡዕና ዓርብ፣ ከዚያ ፍልሰታ፣ ከዚያ ነቢያት አለ። ሁለት ድስት መጣድ የዘይትና የከሰል ወጪ ነው። ስለዚህ ብዙዋ ሚስት ያለ ክርክር ከባሏ ጋር ትጾማለች፤ ምስር ክኩ ሁለቱን አብያተ ክርስቲያናት የነገረ መለኮት ጉባኤ ካስታረቃቸው በላይ ያስታርቃቸዋል። እዚህ ላይ እናቲቱ ካህናቱ ያላገኙትን መላ አግኝታለች ማለት ይቻላል፤ ምስጋናውን ግን የሰጣት የለም።

ሕጉ ራራ ሲባል በሁሉም ቦታ አይደለም። ቤተ ክርስቲያኒቱ የማትለሳለስበት አንድ ጉዳይ አለ፤ የወሊድ መቆጣጠሪያ። ጳውሎስ 6ኛ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1968 ባወጡት ሐዋርያዊ መልእክት ሰው ሠራሽ መከላከያ ተከልክሏል፤ የተፈቀደው የሴቷን የተፈጥሮ ዑደት ተከትሎ መታቀብ ነው። በዚያው ልክ አገሪቱ ተለውጣለች። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት መከላከያ የሚጠቀሙ ባለትዳር ሴቶች እ.ኤ.አ. በ2000 8 በመቶ ነበሩ፤ በ2016 36 በመቶ ደርሰዋል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በር ድረስ መጥታ መርፌውን በነጻ ትሰጣለች። ሦስት ልጅ ያላት፣ የቤት ኪራይ የናረባት ካቶሊክ እናት በአንድ በኩል ጤና ጣቢያው፣ በሌላ በኩል ኑዛዜ አባቷ ቆመዋል።

አስተምህሮው ይለወጥ አይለወጥ የሚለው ክርክር ሮም ላይ 50 ዓመት አልፎታል፣ በቴሌግራም አይፈታም። እዚህ መነሣት ያለበት ሌላ ጥያቄ ነው። ተፈጥሯዊው ዘዴ ባል ከሌለበት አይሠራም። ቀን የሚቆጥር፣ «ዛሬ አይሆንም» ሲባል የሚሰማ፣ ሳምንት የሚታገሥ ባል ይፈልጋል። ዘዴውን በዓለም ላይ ካስተዋወቁት መካከል ስመ ጥር የሆኑት አውስትራሊያውያኑ ሐኪሞች ጆንና ኤቭሊን ቢሊንግስ ባልና ሚስት የነበሩት በአጋጣሚ ብቻ አይመስልም። በየቁምስናው ግን ስለዚህ ጉዳይ ትምህርት ሲሰጥ ወንበሩን ሞልተው የሚገኙት ሴቶች ናቸው። ባል በሌለበት የተማረችው ሚስት ማታ ቤት ገብታ ምን ታደርግ? መርፌ የሚከለክል ቄስ አስቀድሞ ባልየውን ጠርቶ ካላስተማረ፣ የከለከለው አንዲትን ሴት ብቻ ነው፤ እሷንም የምትይዘውን አሳጥቶ ነው።

እዚህ ላይ የራሷን የቤተ ክርስቲያኒቱን ሰነድ መግለጥ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1964 ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ቤተሰብን «የቤት ውስጥ ቤተ ክርስቲያን» ብሎ ሲሰይም ለልጆች እምነትን ቀድመው የሚያበሥሩት «ወላጆች» እንደሆኑ ነው የተናገረው። እናት አላለም። በስብከት ውስጥ ግን ወላጆች የሚለው ቃል ቀስ እያለ እናት ወደሚለው ይንሸራተታል፤ የእናቶች ጸሎት፣ የእናቶች እንባ፣ ልጇን አውግስጢኖስን በልቅሶ የመለሰችው ቅድስት ሞኒካ ይነሣሉ። የአባቶች እንባ የሚል ስብከት ብርቅ ነው።

ቅዱሳኑም ሲተረኩ እንደዚሁ ይከረከማሉ። ጣሊያናዊቷ ቅድስት ጂያና ቤረታ ሞላ እ.ኤ.አ. በ1962 አራተኛ ልጇን በወለደች በሳምንቷ አረፈች፤ የፅንሱን ሕይወት ለማትረፍ በራሷ ሕይወት ላይ የመጣውን አደጋ ተቀብላለች፣ በ2004 ቅድስት ተብላ ታወጀች። ስለ ሞቷ ብዙ ይሰበካል። ሐኪም እንደነበረች፣ ሦስት ልጆች እያሳደገች ሕክምናዋን እንዳልተወች ግን በሩጫ ይታለፋል። ጠዋት ልጅ ለሠራተኛ አስረክባ ቢሮ ለምትሮጥ እናት የሚጠቅማት ግን ይኸኛው ክፍል ነበር።

ከጂያና ይልቅ ደግሞ የዘሊ ማርቲን ቤት ታሪክ ሊነገር ይገባዋል። ፈረንሳይ፣ አላንሶን ከተማ ውስጥ የዳንቴል ሥራ ባለቤት ነበረች፤ ሴት ሠራተኞች ቀጥራ ታሠራ ነበር። ዘጠኝ ልጅ ወለደች፣ አራቱ በልጅነታቸው ሞቱባት፣ ከተረፉት አንዷ የሊዝየዋ ቅድስት ተሬዛ ናት። ዘሊ እ.ኤ.አ. በ1877 በጡት ካንሰር አረፈች፤ በ2015 ከባሏ ከሉዊ ጋር በአንድ ቀን ቅዱሳን ተባሉ። ሉዊ ሰዓት ሠሪ ነበር። የሚስቱ ሥራ ሲሰፋ የራሱን የሰዓት ሱቅ ሸጦ ዳንቴሉን ከእሷ ጋር ያዘ። በ19ኛው መቶ ዘመን፣ በዚያ ዘመን ወንድ! ይህን ለሙሽሮች ትምህርት ላይ የሚያነሣ ካህን ቢበዛ ኖሮ ብዙ ቤት ይቀልለት ነበር።

«እናቶቻችን ስምንት ወልደው ቅዳሴ አስታጉለው አያውቁም» የሚሉ አሉ፣ ደግሞም እውነት ነው። እነዚያ እናቶች ግን ግቢው ውስጥ አያት ነበራቸው፣ እህት ነበራቸው፣ ልጁ ቢያለቅስ የሚያነሣው ጎረቤት ነበራቸው። ደወሉ ቤታቸው ድረስ ይሰማ ነበር። አራተኛ ፎቅ ላይ በር ዘግታ ከምትኖር፣ የሠራተኛ ደመወዝ ከማትችል፣ ቅዳሜም ግማሽ ቀን ከምትሠራ ሴት ጋር ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት ነው።

ሰዓት መቀየር አይቻልም የሚለውም አያስኬድም። የዕረፍት ቀን ዓርብ በሆነባቸው የባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ ለምሳሌ ኩዌትና ኳታር፣ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የእሑዱን ሥርዓተ ቅዳሴ ዓርብ ዓርብ ታከናውናለች። ሠራተኛው፣ ከእነዚህም መካከል ልጆቻቸውን አገር ቤት ጥለው የሄዱ እናቶች፣ እሑድ ፈቃድ እንደማያገኙ ገባት፤ ስለዚህ ወደ እነሱ ሄደች። የላቲኑም የምሥራቁም ቀኖና የቅዳሜ ማታ ቅዳሴ ለእሑድ እንዲቆጠር ይፈቅዳሉ። ለኩዌት የቤት ሠራተኛ የተገኘ መላ ለኮዬ ፈጬ እናት የሚታጣበት ምክንያት የለም። በኮንዶሚኒየሞቹ አካባቢ በአዳራሽም ቢሆን፣ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ፣ ልጆች ቢንጫጩም የማይቆጣ አንድ ቄስ ማለት ነው። ነፍስ ኄር ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በጥር 2014 ሲስቲን ጸሎት ቤት ውስጥ ሕፃናት ሲያጠምቁ፣ የተራበ ልጅ ካለ እናቱ እዚያው ታጥባው ብለው ነበር። ከሚካኤል አንጄሎ ሥዕሎች ሥር የተፈቀደው በሰፈር ቁምስና አግዳሚ ወንበር ላይ የሚነወርበት ምክንያት አይታይም።

ቁጥር 2181ን በሚመጣው እሑድ ከመድረኩ ለማንበብ የጳጳስ ፈቃድ አያስፈልግም፤ ሦስት ደቂቃ ይበቃል። በሦስተኛው ደቂቃ ላይ ልጅ ቢያለቅስ ደግሞ ተነሥቶ ይዞት የሚወጣው አባቱ ይሁን።